መጀመሪያ ላባው የገባበት ቤት

ባሌ ዋምቤ ተሳስቶ የማያውቅበት ሙያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «አልተሳሳትኩም» ብሎ መከራከር ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። ወድጄው ነው ያገባሁት፤ ዛሬም ቢሆን በዚህ ሸለቆ ካሉት ወንዶች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ግን የቤቱን ታሪክ ከሱ አፍ ከሰማችሁ፣ ቤቱ በሩ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ደረቅና ሙቅ ነበር ይላችኋል። ውሸቱን ነው። ዝናብ ይዘንብበት ነበር፤ ያውም ከውስጥ።

እኛ የምንኖረው ከላጋይፕ ወንዝ በላይ ነው። ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ወደኛ ይወጣል፣ ከሰዓት ደግሞ ከተራራው ተነሥቶ ወደኛ ይወርዳል። በመሃል ፀሐይ ብቅ ካለች ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይወጣል። በኛ አገር ጭስ ያልነካው ነገር ይሻግታል። ጫማም ይሁን ትራስ፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይሁን የሠርግ ልብስ፣ ሻጋታ አይመርጥም።

የእናቶቻችን ቤት እንደዚያ ሆኖ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው ድርብ ሳንቃ ሆኖ መሃሉ ደረቅ ሣር ተጠቅጥቆበታል፤ የሣር ክዳኑ ወፍራም ነው፤ እሳቱ መሃል ወለሉ ላይ ይነድዳል፣ አይጠፋም። ጭሱ መውጫ ስለሌለው ጣሪያው ሥር ይከማችና በሣሩ መሃል በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወጣል። ማገሩ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ጥቀርሻ እየለበሰ ይደርቃል፤ ከባለቤቱም በላይ ዕድሜ ያገኛል። ከገመድ የተሠራው ከረጢት፣ የዱር ለውዙ፣ የአባቶች ላባ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚሰቀለው። ችግሩ ከሥር የሚተኛው ሰው ነው፤ እሱንም ጭሱ ያደርቀዋል።

የዋምቤ እናት፣ አማቴ ያካሜ፣ እንደዚያ ደርቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው የሳቸው ሳል ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደረታቸውን አዳመጠችና ዋምቤን ወደ ውጪ ጠርታ፣ «እናትህን ከጭሱ አውጣቸው። ሌላ ክረምት እዚያ ውስጥ ከከረሙ ትንፋሽ አይተርፋቸውም» አለችው። ዋምቤ እዚያው በር ላይ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አወጣቸዋለሁ ብሎ ማለ። ዋምቤ ሰው ፊት ከማለ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አያውቅም።

ከዚያ በፊት ወርቅ ማውጫ ውስጥ አናጺ ነበር። የሠራተኞቹን መኝታ ቤት ይሠራ ነበርና እዚያ ያየው ቤት ሁሉ ጥፍንግ ያለ ነው፤ ቀዳዳ የለውም፣ ሙቀቱም ደረቁ አየርም በማሽን ይገባል። ባሌ ማሽኑን እዚያው ትቶ ጥፍንግ ማለቱን ብቻ ይዞልን መጣ። ቆርቆሮ አምጥቶ፣ ሳንቃ ሰንጥቆ፣ ግድግዳውን ከውስጥ በላስቲክ ለበጠው። ጉም እንዳይገባ ብሎ መስኮቶቹን ሳይቀር በሚስማር መታቸው። የአጎቱ ልጅ ኪፖይ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያየው ቆየና፣

«ዋምቤ፣ ቤት ነው የምትሠራው ወይስ የሬሳ ሣጥን?» አለው።

«አንተን እኮ ጭሱ ጭንቅላትህ ውስጥ ገብቷል» አለው ዋምቤ፣ መዶሻውን ሳያቆም።

አማቴ ወደ አዲሱ ቤት ገቡ። ብቻቸውን ግን አልገቡም፤ አሳማቸውን ይዘው ነው የገቡት። በኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ከአሳማዋ ተለይታ አታድርም። ዋምቤም እንኳ በዚህ አልተከራከረም፤ እሱ ራሱ ያደገው አሳማ ጎን ተኝቶ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ እኛ፣ ልጆቹ፣ አማቴና አንዲት የሰባች አሳማ በአንድ ቤት ታፍነን እንተኛለን። ቡታጋዙ ላይ ትልቁ ድስት ስኳር ድንች ይንተከተካል፤ ከላዩ በተወጠረው ገመድ የልጆቹ ልብስ ይንጠባጠባል። ዋምቤ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና «ሙቀት ማለት እንዲህ ነው!» ይላል።

ጠዋት ዓይናችንን ስንገልጥ ቆርቆሮው ከሥሩ ጤዛ አቁሯል። ጠብታው እየከበደ ይወርዳል። አንዱ አማቴ ግንባር ላይ ወደቀ።

«ዋምቤ» አሉ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ቤትህ ያፈሳል።»

«ሚስማሩ ነው፣ እማ። በሚስማሩ ቀዳዳ እየገባ ነው።»

«ማታ ዘንቧል እንዴ?»

አልዘነበም ነበር። ዋምቤ መሰላል ሊያመጣ ወጣ።

የእያንዳንዱን ሚስማር ራስ በሬንጅ ደፈነ። ጠብታው ግን ቀጠለ። ትራሳችን መሽተት ጀመረ፤ ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ አበቀለ። የአማቴም ሳል ባሰ፤ ድሮ ደረቅ የነበረው አሁን ከሆድ የሚመጣ እርጥብ ሳል ሆነ። አንድ ጠዋት አሳማቸውን ቀሰቀሱ፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉና ወደ ጭሳቸው ተመለሱ። ኪፖይ መንገድ ላይ አግኝቷቸው «እማማ፣ ከዋና መመለስዎ ነው?» ብሏቸው ኖሮ ሰፈሩ ሲስቅ ዋለ።

ዋምቤ ተከትሏቸው ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ብቻውን ከሄደ ሊለምን ገብቶ ተጣልቶ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

«እማ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኛለሁ። ተመለሺ።»

«አልመለስም።»

«ነርሷ ያለችውን ሰምተሻል።»

«ነርሷ ከጭሱ ውጪ አለች እንጂ ኩሬ ውስጥ ግቢ አላለችም።»

እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ማገሩ ሰደዱና በዛፍ ልጣጭ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። የዋምቤ አባት ላባና የፀጉር ቆብ ነው። ላባው የገነት ወፍ ጅራት ነው፣ ረጅምና ጥቁር፤ ቆቡ ደግሞ ከሰው ፀጉር የተሠራ፣ ወንድ በትልቅ ድግስ ቀን የሚደፋው ነው። በኛ ወገን እንዲህ ያለ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«ላባው ይቅደም» አሉ። «ክረምቱን አንተ ቤት ይክረም። ሳይሻግት ከወጣ እኔም እገባለሁ። ከሻገተ ግን ሁለተኛ ነይ እንዳትለኝ።»

ዋምቤ በሁለት እጁ ተቀበለ። «እኔ ቤት ላባ ይሻግታል ብለሽ ነው?» አለ ሳቅ እያለ።

እቤት እንደገባን ያደረገውን ልንገራችሁ። ጠብታው እንዳይነካው ብሎ ላባውን ከነቆቡ በላስቲክ ጠቀለለው፤ ደጋግሞ ጠቅልሎ አፉን በሲባጎ አጥብቆ አሰረና ከአልጋችን በላይ ሰቀለው። «አሁን ጎርፍ ቢገባ እንኳ አይነካውም» አለ። እኔም አመንኩት። በዚህ አገር ላስቲክ የሚያህል ነገር የለም ብለን ነው የምናስበው፤ ዝናብ የማያሳልፍ ነገር ሁሉ ደረቅ ይመስለናል።

የቀደመኝ ሽታው ነው። ዋምቤ ማሳ በሄደበት አወረድኩትና ሲባጎውን ፈታሁ። ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል። ቆቡ ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጥቶበታል፤ ከላባዎቹም የአንዱ ጫፍ እጄ ላይ ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሲመጣ አሳየሁት። ሌላ ወንድ ቢሆን ይደብቀው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሱም እንዲደብቀው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ላስቲኩን ገፎ ጣለና ጥቅሉን ታቅፎ ቀጥ ብሎ ወደ እናቱ ሄደ።

«እማ፣ አበላሸሁት» አለ።

አማቴ ቆቡን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ፀጉሩን በጣታቸው እየለዩ ቆዩ። «ይሄኛው ያባትህ ነው» አሉ። «ይሄ ለስለስ ያለው የኔ ነው፤ አንተን ከመውለዴ በፊት የተቆረጠ።» ሻጋታውን እፍ አሉት። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ምን አልብሰኸው ነው?» አሉ።

«ላስቲክ።»

«አንተን በሕፃንነትህ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልዬ አስተኝቼህ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ቆመህ ትከራከረኝ ነበር?»

አማቴ ጥቅሉን ወደ ጭሱ መልሰው ሰቀሉት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ስንወጣ ሳሉ ያዛቸው፤ የመንገዱ አጋማሽ እስክንደርስ ድረስ ይሰማን ነበር።

ዋምቤ እቤት ስንደርስ አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ በላስቲክ የለበጠውን ግድግዳ፣ በሚስማር የመታውን መስኮት ያያል።

«ሮዝሊን» አለኝ፣ «እኛስ ምን ውስጥ ነው የምንተኛው?»

በማግስቱ ቆርቆሮውን ከሥር በጨርቅ ወለወለ። ሁላችንንም ኪፖይ ቤት አሳደረንና ባዶውን ቤት ዘጋው። ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ከፍቶ ሲገባ ቆርቆሮው ከሥሩ ደረቅ ነው። ቀጥሎ እኛን አስገብቶ ድስቱንና እርጥቡን ልብስ ከለከለን፤ ትንሽ ጤዛ ታየ። ድስቱንም ልብሱንም መለሰ፤ ያው ዝናብ!

«ጣሪያዬ ንጹሕ ነው!» ብሎ ሲጮህ ኪፖይ ከነብርድ ልብሱ ሮጦ መጣ። «አንዲት ጠብታ አላስገባም! የምናፈሰው እኛው ነን! ትንፋሻችን ነው፣ ድስታችን ነው!»

ባሌ ተሳስቻለሁ የሚለው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ኮራሁበት።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። ላስቲኩን ከግድግዳው ቀደደ። የመስኮቶቹን ሚስማር ነቀለ። ከጣሪያው ጫፍ ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ተወና ዝናብ እንዳይገባበት አጭር ቆርቆሮ ከላዩ አዘንብሎ መታበት። እኔና የኪፖይ ሚስት ሸንበቆ ሰንጥቀን ኮርኒስ ሠራን፤ ከኮርኒሱ በላይ ልክ በእናቶቻችን ቤት ግድግዳ እንደሚጠቀጠቀው ደረቅ ሣር አለበስነው፣ ሙቅ ትንፋሻችን ብርዱን ቆርቆሮ እንዳያገኘው። ቡታጋዙ ተባረረ፤ ምግብ ማብሰያው ለብቻው ከጓሮ ተሠራ። ለሙቀት ዋምቤ ከአሮጌ የዘይት በርሜል ምድጃ ሠርቶ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጪ አወጣው። ለእናቱም አንዱን ጥግ በሳንቃ ከልሎ በር ያለው ክፍል አበጀላቸው።

ባህሪውም ተበላሸ። የቤት ፖሊስ ሆነ ብትሉ ይቀላል። እርጥብ ነገር ይዞ የገባ ሰው ወዮለት! በሩ ላይ ቆሞ የዝናብ ልብሳችንን ያራግፍብናል። ፀሐይ ብቅ ስትል ከማሳው ሮጦ መጥቶ የወዲህና የወዲያውን መስኮት ይከፍታል፤ የከሰዓቱ ጉም ከተራራው መውረድ ሲጀምር ደግሞ ሮጦ ይዘጋል። አንድ ቀን ሰው መሬት ሊካፈል ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ዋምቤ ድንገት ተነሥቶ በረረ። «የት ነው?» ሲሉ፣ ኪፖይ «መስኮቱ ጠርቶት ነው» አላቸው። በኔም ላይ፣ ውጪ ልብስ ስሰቅል፣ ኪፖይ እንዲህ ብሎ ያፌዝብኝ ነበር፦ «ሮዝሊን፣ እዚያ ቤት ማልቀስ ይፈቀዳል ወይስ እሱም ውጪ ነው?»

ቤቱ ግን ደረቀ። የአልጋው ጀርባ አረንጓዴው ጠፋ፤ ብርድ ልብሱ ማታ ሲለብሱት አይቀዘቅዝም። ዋምቤ ደረቱን ነፍቶ ወደ እናቱ ሄደ።

«ላባውን ስጪኝ፣ እማ።»

«እንደገና?»

«እንደገና። አንድ ነገር ብቻ፣ አንቺ ስትመጪ አሳማዋ የራሷ ቤት ይኖራታል።»

«አሳማዬ ምን አጠፋች?»

«ትተነፍሳለች።»

«አንተስ አትተነፍስም?»

«እኔ ቀጭን ነኝ።»

አማቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ጥቅሉን ለዋምቤ አልሰጡትም። ራሳቸው ይዘው መጡ፣ ልጣጩን ገፈፉና ቆቡንና ላባውን ሳይሸፍኑ ከግድግዳው አራቅ አድርገው ከኮርኒሱ ሥር ሰቀሉት። «ክረምቱ ይልቀቅ» አሉና ወደ ጭሳቸው ተመለሱ።

የዚያ ዓመት ክረምት የሚለቅ አይመስልም ነበር። አማቴ በየሰሞኑ እየመጡ ላባውን ይፈትሻሉ። ይነኩታል፣ ያሸቱታል፣ እፍ ይሉበታል፤ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ይሄዳሉ። እኔ የማየው ግን ላባውን አይደለም። መንገድ ላይ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ሲበዙ አያለሁ። ከንፈራቸው ሲጠቁር አያለሁ። ዋምቤ ደግሞ «አልሻገተም፣ አልሻገተም» እያለ ላባውን ያያል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እማማ፣ ይሄ ላባ ቢሻግት ባይሻግት ምን ያደርግልዎታል? እርስዎ እኮ እየሞቱ ነው! ሰው እያለቀ ላባ ይፈተናል እንዴ?»

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ምራት እንደዚያ አትናገርም። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዋምቤ የት ነው ያለው?» አሉ።

«ማሳ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። አንቺ እኔ ለላባ የምሳሳ መሰለሽ? ልጄ፣ እዚያ ጭስ ውስጥ ብሞት ጭሱ ገደላት ይባላል፤ ማንም አይወቀስም። እናቴም እንደዚያ ነው የሞተችው። እዚህ፣ ዋምቤ በገዛ እጁ በሠራው ቤት ብሞት ግን ምን ይላል? እኔ ገደልኳት ይላል። እስኪያረጅ ድረስ ይላል። ያኔ ሲያፈስብኝ እኮ የደነገጥኩት ለራሴ አይደለም። አፉ ነው ትልቅ፤ ልቡን ታውቂዋለሽ። ቤቱ እንደማይገድለኝ ሳላውቅ አልገባም።»

ባሌን ከኔ አብልጦ የሚያውቀው ሰው በመኖሩ ቀናሁ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ቆዳቸው ጭስ ጭስ ይላል።

«ለሱ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ጮክ ብሎ ያለቅሳል።»

አልነገርኩትም።

ክረምቱ ሲለቅ መጡ። ዋምቤ ከማለዳ ጀምሮ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር። አማቴ ቆቡን አወረዱና ተጭነው ለቀቁት፤ ፀጉሩ መልሶ ተነሣ። ላባውን በጉንጫቸው ላይ አሻሹት። ኪፖይም ሚስቱም ጎረቤቱም ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«ይበቃል» አሉ። «ብርድ ልብሴን አምጡልኝ። አሳማዬንም ወደ ራሷ ቤት አስገቧት።»

ሳሉ በአንድ ጀምበር አልተዋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጀምበር አይድንም። መጀመሪያ እንደ ድሮው ጎህ ሲቀድ ይጀምራቸውና ሁላችንንም ይቀሰቅሰናል፤ ግን እያደር አጠረ፣ እያደር ከሩቅ የሚመጣ መሰለ። እኛም በሱ ነው የምንነቃው፤ ሌላ ዶሮ አያስፈልገንም ነበር።

አንድ ጠዋት ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ምንም ድምፅ የለም። ዋምቤ ከጎኔ የለም። ብድግ ብዬ ስወጣ ከእናቱ ክፍል በር ፊት በባዶ እግሩ ቆሟል። እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ አይነካውም። ያ ከማንም ጋር የሚከራከር ሰው ፊቱ አመድ መስሏል።

«አልሳለችም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ግባ» አልኩት።

«አንቺ ግቢ።»

«ዋምቤ፣ እናትህ ናቸው። አንተ ግባ።»

አልተንቀሳቀሰም። አፉን ከፈተ፤ ሊናገር የፈለገው ምን እንደሆነ አወቅሁ፣ አማቴ ነግረውኛልና። እንዳይናገረው አፉን በእጄ ያዝኩት።

«እናንተ!» አለ የአማቴ ድምፅ ከውስጥ። «ምን እዚያ ታንሾካሽካላችሁ? ፀሐይዋ ከወጣች ቆየች እኮ! መስኮቱን ክፈቱ እንጂ፣ ቤቱ ሊታፈን ነው!»

ዋምቤ ወደ መስኮቱ ሄደ። ፊቱን በሁለት እጁ ስለሸፈነ መቀርቀሪያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።